ለተደፋ ወተት ብቻ

«ደፋሁት ብሎ ቢፈርም ምን ይጎድልበታል? ለሌላው ሁሉ የተፈቀደለት ደፋሁ ስላለ ነው!» ልጃቸው ነው፤ ማድቤት ውስጥ፣ ለሚስቱ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። «ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለችው እሷ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ጆሮ ባዳ ልሁን ቢል እንኳ አይሳካለትም። ማድቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ሚስማር የማይችል ስስ ነገር ነው፤ ጋሽ ማለዳ ደግሞ የሚተኙት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ነው። ከነቁ ሦስት ሰዓት ሊሞላቸው ነው። አንሶላቸውን አጥፈው፣ ትራሳቸውን ከሶፋው ጀርባ ሸጉጠው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያያቸው ሰው ሐኪም ዘንድ ተራ የሚጠብቁ እንጂ ልጃቸው ቤት ያሉ አባት አይላቸውም።

ማለዳ ስማቸው አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የገጠር ወረዳ አርባ ዓመት ላም ሲያልቡ ማንም ቀድሟቸው ነቅቶ ስለማያውቅ ጎረቤቶቻቸው ያወጡላቸው ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ እንቅልፋቸው ግን ወሬውን አልሰማም። አሁንም ወፍ ሳይንጫጫ ዓይናቸው ይፈጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል? መብራት ቢያበሩ ልጆቹ ይነቃሉ፤ ውሃ ቢከፍቱ ቧንቧው ያጓራል፤ በረንዳው በሩ ይጮኻል። ስለዚህ ይቀመጣሉ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይላሉ አዋቂዎች፤ ሁለት ዓመት ስለቆየው የተናገሩት ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ወተት ሰብሳቢው መኪና ለአርባ ሰባት ቀን ወረዳው ውስጥ ድርሽ አላለም። ላም ደግሞ አዋጅ አትሰማም፤ ጡቷ ከሞላ ሞላ ነው፣ ካልታለበች ትታመማለች። ገበሬው ሁሉ እያለበ ቦይ ውስጥ ደፋ። ከዚያ ጋሽ ማለዳን ያው በሽታ ጣላቸው፤ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው፣ ላሞቹ ተሸጡ፣ ቤቱ ተቆለፈ። አሁን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ መንግሥት ለዚያ ኪሳራ በሊትር እየለካ ማካካሻ እከፍላለሁ ብሏል። ለእሳቸው የሚደርሰው ቢሰላ አንድ ያረገዘች ጊደር ይገዛል፤ ጊደር ካለች ቤታቸው ይከፈታል፣ ይመለሳሉ። ከልጃቸው ጋር የተስማሙትም ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ከመጣ ይሄዳሉ፤ ካልመጣ መሬቱ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለጎረቤት ይከራያል፣ እሳቸውም ከዚህ ሶፋ ጋር ያረጃሉ። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ማለዳ ወተታቸውን አልደፉም።

ቁርስ ላይ ማንም ማድቤት ውስጥ ስለተባለው አላነሳም። ምራታቸው ሻይ ቀዳችላቸው፤ የላስቲኩን ወተት በጥርሷ ቀድዳ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ግማሽ ሊትሩ ስልሳ ብር መግባቱን ትናንት ሱቅ ሲላኩ አይተዋል፤ እሳቸው ለሰብሳቢው ሙሉ ሊትር በስንት ይሸጡ እንደነበር ቢናገሩ ማንም አያምናቸውም። «ዳቦ ልጨምርልዎት አባባ?» አለቻቸው። ደግ ሴት ናት፤ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። አንዳንዴ ግን ክፉ ቃል ብትናገራቸው፣ ቢጣሉ፣ ቢታረቁ፣ የቤት ሰው መሆናቸውን ያውቁ ነበር። «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ልጃቸው ሰዓቱን እያየ፣ «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አይደል?» አለ። «ነው።» «እሺ።» የአባትና ልጅ ጨዋታቸው ይህን ታህል ነበረች። ሲወጣ የአውቶብስ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው፤ በእጃቸው አልሰጣቸውም፣ እንዳያፍሩ ብሎ ነው።

አውቶብሱ ከከተማው ሊወጣ ሲል የሚያልፍበት አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ባለ ብረት በር ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ጋሽ ማለዳ ሁልጊዜ በመስኮት በኩል የሚቀመጡት ለዚህ መንገድ ሲሉ ነው። በእነዚያ አርባ ሰባት ቀናት ጎረቤት ሁሉ ሲደፋ፣ እሳቸው እጃቸው እምቢ አላቸው። ወተት መድፋት ሊለምዱት ያልቻሉት ነገር ነው፤ ሕፃን ሆነው ጠብታ ሲያፈሱ እናታቸው የቆነጠጠቻቸው አሁንም ያማቸዋል። እናም የቀኑን ሃያ ስድስት ሊትር በአሥራ ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ጀሪካን ሞልተው፣ መኪና እንጂ ጋሪ የሚያግድ አልነበረምና በቅሎ በሚጎትተው ጋሪያቸው ጭነው፣ ሳይነጋ ወደዚህ መንገድ ይመጡ ነበር። በየበሩ አንድ አንድ ያስቀምጣሉ፣ በጠጠር ኳ ያደርጋሉ፣ ሰው ሳይወጣ ይሄዳሉ፤ መቀራረብ ክልክል ነበራ። በማግስቱ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ አፉን ወደ ታች ተዘቅዝቆ በየበሩ ይጠብቃቸዋል። በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፤ «ንጹሕ ሰዎች ናቸው» ይሉ ነበር፣ ቤታቸው ወስደው ደግመው እያጠቡ። ያን የታጠበ ጀሪካን ከምስጋና ቆጠሩት። ሌላ ምስጋና አልጠየቁም።

ከተማ ከገቡ ወዲህ የፎቁ ግድግዳ ሲጫናቸው በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። በር አንኳኩተው አያውቁም። ዝም ብለው ከጫፍ ጫፍ ተራምደው፣ ዞረው ይመለሳሉ። ከአረንጓዴው በር የምትወጣ አንዲት ፍልቅልቅ ሕፃን አለች፤ ዕድሜዋን ሲገምቱ ያኔ የታዘለች ነበረች፣ አሁን ትሮጣለች። ባቷ ሞልቷል። «ይቺ የኔ ወተት ናት» ይላሉ በልባቸው፣ ደረታቸውም ትንሽ ይሰፋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሰላም የሚላቸው ሰው በሌለበት ከተማ አሥራ ሦስት በር አላቸው፤ ይህ ሀብት ካልሆነ ምን ሀብት አለ! ደፋሁት ብለው እንዳይፈርሙ የያዛቸውም ይኸው ነው። እውነተኛነት ብቻ አልነበረም፤ ሰው በፊርማው የራሱን ዘመድ አይክድም።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ጢም ብሎ ነበር። ከወረርሽኙ ጊዜ የተረፈው ላስቲክ አሁንም የመዝጋቢዋን መስኮት ጋርዶታል፤ ሰው ሁሉ ለመሰማት ሲል ጎንበስ ብሎ በታች በኩል ይጮኻል። መዝጋቢዋ ገና ወጣት ናት፣ ከንፈሯ ከመደጋገም የደረቀ። ተራቸው ሲደርስ ቀና ሳትል ጀመረች።

«የተደፋ ስንት ሊትር?»

«የደፋሁት የለም። ሰጠሁት።»

«ለማን ነው የሸጡት?»

«ሰጠሁት ነው እኮ የምልሽ ልጄ። በነጻ። ለሰው።»

አሁን ቀና አለች። ቅጹን በዚህም በዚያም አገላበጠችው። የተደፋ፣ የተበላሸ፣ የሞተ ከብት። «የተሰጠ የሚል ቦታ የለኝም አባባ። የተጠጣ ወተት ኪሳራ አይባልም ነው መመሪያው የሚለው።» አስቂኝ ነገር እንደተናገረች ራሷም ገብቷታል፤ ብዕሯን በጣቶቿ መሃል አሽከረከረች።

ከኋላቸው የቆመው ባለ ኮፍያው ጎረቤታቸው ነበር፤ መሬታቸውን ሊከራይ ያሰበው። ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ማለዳ፣ ምን ያለፋዎታል? ቦይ ውስጥ ሲደፉ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እኔ እፈርማለሁ። እርስዎም ለኔ ይፈርሙልኛል» አላቸው። በቅንነት ነው፤ እሳቸው ከተሳካላቸው መሬቱ እንደሚቀርበት እያወቀ። ግን ይህ ሰው ያኔ አንዲት የነጠፈች ላምና ሁለት በሬ ብቻ ነበረው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ በቀን አርባ ሊትር ብሎ ሞልቷል። «በሬ ወለደ ሲባል እሰማ ነበር» አሉት፣ «በሬ ታልቦ ሲደፋ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።» ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ፤ ባለ ኮፍያውም አብሮ ሳቀ። ለአንድ አፍታ ጋሽ ማለዳ እንደ ድሮው መንደር ውስጥ ያሉ መሰላቸው።

መዝጋቢዋ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና አለቃዋን አነጋግራ ተመለሰች። «ወተቱን ከተቀበሉት ሰዎች የአንዱን እንኳ አድራሻና ፊርማ ካመጡ በማስታወሻ አያይዤ ወደ በላይ እልከዋለሁ። ይጸድቃል ብዬ ግን አልምልልዎትም። በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የምንዘጋው፣ እንዳይዘገዩ።» ሌላ ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። ጋሽ ማለዳ ግን ደስ አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለጉትን፣ እነዚያን በሮች የሚያንኳኩበትን ምክንያት፣ ይኸው መንግሥት ራሱ ሰጣቸው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብተው ሁለት ነጭ ወረቀትና አንድ እስክርቢቶ በሃያ አምስት ብር ገዙ፤ በመስታወቱ አንገትጌያቸውን አስተካከሉ።

በአውቶብስ ወደዚያ መንገድ ተመልሰው ያንኳኩት የመጀመሪያው በር አዲስ ተከራዮች ነበሩበት፤ ባለፈው ዓመት ነው የገባነው አሉ። በሁለተኛው ውሻ ብቻ መለሰላቸው። ከሦስተኛው አንድ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «አንገዛም!» ብሎ ዘጋባቸው። «እኔ መቼ ሸጬ አውቃለሁ» አሉ ለራሳቸው፣ አልከፋቸውም። ከዚያ አረንጓዴውን በር አንኳኩ። የከፈተችላቸው ሴት አንገቷ ላይ የስፌት ሜትር አንጠልጥላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሕፃኗ ከጉልበቷ ኋላ አጮለቀች። የጀሪካኑን ነገር ሲነግሯት ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ አባቴ!» ከወንበር ላይ ጨርቅ አንስታ አስቀመጠቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪናው ግማሹን ይዞታል፣ ግማሹን አልጋ። ለጋሽ ማለዳ ግን ከልጃቸው ሳሎን ሰፋ አለላቸው። በረጅሙ አስረዷት፤ ማካካሻውን፣ ቅጹን፣ «የተሰጠ» የሚል ቦታ አለመኖሩን፣ ጊደሯን ሳይቀር። «እና ሁለት መስመር ብትጽፊልኝ ነው» ብለው ወረቀቱን ዘረጉላት።

ሴትዮዋ እስክርቢቶውን ተቀብላ አልጻፈችም። ሕፃኗን «ውጪ ተጫወቺ» አለቻት።

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት ወይስ የሚጠቅምዎትን ልጻፍልዎት?»

«ሁለቱ መቼ ተለያዩና?» አሉ እየሳቁ።

«አልጠጣነውም።»

ጋሽ ማለዳ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እሷ ከጀመረች ወዲያ መቆም አቃታት። ያመጣው እጅ አይታወቅ፣ ሬዲዮው ከውጪ የመጣ ነገር አትንኩ ይላል፣ ሰው በየቀኑ ይሞታል፣ እሷ ደግሞ የስድስት ወር ልጅ ታቅፋለች። በላስቲክ ጓንት አንስታ መጸዳጃ ቤት ትደፋዋለች፤ ጀሪካኑን በበረኪና ሦስቴ አጥባ መልሳ በሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ያስቀመጠው ሰው ይቀየማል ብላ፣ ደግሞም ዕቃው ቤት ውስጥ እንዳያድር ፈርታ። «እኔ ብቻ አይደለሁም። የመንገዱ ሰው ሁሉ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመስኮት መስኮት እንጠራራ ነበር፣ ደፋሽው? ደፋሁት እየተባባልን። ጎረቤቴ ብቻ አንድ ቀን ለድመቷ ሰጥታ፣ ትሞት ይሆን ስትል ስትጠብቅ ዋለች።»

«ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም! ሁለቱንም ሊትር ስትልስ ውላ ተኛች። እኛ ግን ቢሆንም... ፈራን።»

ጋሽ ማለዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረጋችሁ» አሉ፣ «ልጅ ታቅፋችሁ።» ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ እሳቸውም ቢሆኑ ያን ጊዜ የማያውቁትን ሰው ውሃ አይጠጡም ነበር። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የጎዳቸው? ወተቱ መፍሰሱ አይደለም፣ ያ ያለፈ ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለመጎብኘት የሚመጡባቸው አሥራ ሦስት ቤቶች ባንድ ጊዜ በላያቸው ላይ ተዘጉ። ከሶፋው ሲነሱ የሚሄዱበት ቦታ አጡ። በዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ሰው ከእጃቸው አንዲት ጉንጭ ተቀብሎ አያውቅም።

«ጠጥተነዋል ብዬ እጽፍልዎታለሁ» አለች ሴትዮዋ ፊታቸውን አይታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ማን ያውቃል? እኔ ነኝ የማውቀው።» ጥሩ ሐሳብ ነበር። ወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን የተጠጣ ይባል ነበር። ጋሽ ማለዳን ግን ለመዝጋቢዋ መዋሸቱ አልነበረም የከበዳቸው፤ ያንን ወረቀት ኪሳቸው ይዘው እየነካኩ መኖር ነው። «አይ፣ የሆነውን ጻፊ» አሉ። ጻፈች። በቀን ሁለት ሊትር በራችን ላይ ይቀመጥልን ነበር፣ ሳንጠጣው ደፍተነዋል፣ የሰፈሩም ሰው እንዲሁ። እንዲጠነክርላቸው ብላ ሁለት ጎረቤቶቿን ጠርታ አስፈረመች። ባለ ድመቷ ስትፈርም፣ «ያ ወተት የእርስዎ ነበር? እግዜር ይስጥልን አባታችን» አለቻቸው። ያልጠበቁት ምስጋና ነበር፤ ምን ብለው እንደሚቀበሉት ግራ ገባቸውና «አብሮ ይስጠን» አሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን ትደራርባለች። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንብባ ፊቷ በራ። «አባባ! ታዲያ ይሄ ተደፋ ማለት እኮ ነው! በማን እጅ ተደፋ አይልም መመሪያው። ምነው ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ የተንከራተቱት?» ማስታወሻም፣ ወደ በላይ መላክም አላስፈለገም። አሥራ ሦስት በር፣ ሁለት ሁለት ሊትር፣ አርባ ሰባት ቀን። የሒሳብ ማሽኗን መታ መታ አድርጋ፣ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ሊትር» አለች።

«ሃያ በይው» አሉ ጋሽ ማለዳ።

«ለምን?»

«አንድ ቀን ድመት ጠጥታዋለች። ሁለቱ ሊትር አልተደፋም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ የሚቀልዱ መስሏት። አለመቀለዳቸውን ስታይ ሰረዘችና ሃያ ብላ ጻፈች። «የተደፋ» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት አደረገች፣ ማኅተሙን መታች፣ ከታች አስፈረመቻቸው። «በሁለት ሳምንት ይገባልዎታል። እንኳን ደስ አለዎት!» አለቻቸው። ስትላቸው ከልቧ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከፈረሙት ሰዎች ውስጥ ያመነችው እሳቸውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፌርማታው ላይ ቆመው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነው። ሥራ ቦታ ሆኖ ደውሎላቸው አያውቅም፤ ዛሬ ግን ቀደም ብሎ ቤት ገብቶ ኖሯል፣ ከኋላው የልጆቹ ድምፅ ይሰማል።

«እህሳ አባባ? እንዴት ሆነልህ?»

«ተመዘገበ። ተደፋ በሚለው ላይ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ አባት!» ብሎ ጮኸ፤ ለሚስቱ ነገራት፣ ምራታቸውም ከሩቅ እልል እንደማለት አደረጋት። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ስለ እሳቸው እንዲህ የተጮኸበት ቀን አልነበረም። ሁለቱም እውነተኛ ደስታ ነው የተደሰቱት፣ ስለሚሄዱላቸውም፣ ወደሚወዱት ቤት ስለሚሄዱም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እነሱም አያውቁትም። «አየህ አይደል?» አለ ልጃቸው እየሳቀ፣ «ታዲያ ይቺን ለመናገር እስከ ዛሬ ምን ከበደህ?»

ጋሽ ማለዳ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩ።

«አላውቅም ነበር ልጄ።»

«ምኑን?»

«መደፋቱን» አሉ። ልጃቸው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ስለ ጊደር ዋጋ ለሚስቱ መንገር ጀምሮ ነበር።